ሽፍታው ያልሞተበት የሽፍታ ፊልም

የሽፍታ ፊልምን ታሪክ በቅጡ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ፤ ሐይቅ ከተማ፣ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ያደገ ሰው ጠይቁ። እኔን ማለቴ ነው። መጀመሪያ የአሜሪካኖቹ ባለባርኔጣዎች መጡ፤ ቀጥለው ሕንዶቹ፣ እየዘፈኑ የሚሸፍቱት፤ አንድ ሰሞን ደግሞ ፈረስ ሰርቀው ጫካ የሚገቡ የአውስትራሊያ ጢማሞችን አየን። አገሩ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ሰውዬው ይበደላል፣ ይሸፍታል፣ እኛ እንወደዋለን፣ መጨረሻ ላይ ተመትቶ ይሞታል። ፈረሱ ይተርፋል። ለምን እንደሚተርፍ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ጓደኛዬ ሰይድም ያደገው እዚያው አግዳሚ ላይ ነው። ለውጡ የመጣ ሰሞን፣ ሁሉም ነገር የሚቻል በመሰለን ጊዜ፣ ከሳዑዲ ካሜራ ይዞ ተመለሰና "የአምባሰልን የሽፍታ ፊልም እሠራለሁ" አለ። እናቱ ሱቅ ይከፍታል ብለው ነበር የጠበቁት። የስደቱን ላብ በሙሉ ፊልሙ ላይ አፈሰሰው፤ ካልተሸጠለት ተመልሶ ከመሰደድ ሌላ መንገድ አልነበረውም።

የመጨረሻውን ትዕይንት ከውጫሌ በላይ፣ ተራራው ሥር አዘጋጀን። ሽፍታውና ባላጋራው የእንጨት ጠመንጃ ደግነው ይፋጠጣሉ፤ የመንደሩ ሰው ዳር ቆሞ ያያል፤ ሽፍታው ይወድቃል። ዳር እንዲቆሙ ከተጋበዙት አንዱ ሼህ ይማም ነበሩ፤ ባገሩ ባላንጣ አስታርቀው ደም የሚያደርቁ ሽማግሌ። ካሜራው ተነሣ፣ ጠመንጃዎቹ ተነሡ፣ ሼህ ይማምም ተነሡ።

"ያ ረቢ! እኛ ቁመን ሰው ሊጋደል?" ብለው መሀል ገቡ።

"ሼህ፣ ፊልም እኮ ነው!" አለ ሰይድ።

"ቢሆንስ! ነገ አገር የሚያየው አይደል? ያምባሰል ሽማግሌ ቁሞ ደም አየ ልታስብሉን ነው?"

ሌሎቹም ሽማግሌዎች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ተከተሏቸው። ተዋንያኑን አስቀምጠው በደላቸውን ጠየቁ። ልጆቹም ጉደኞች ናቸው፤ ከድርሰቱ ያጠኑትን በደል እያለቀሱ ተናገሩ። ዱአ ተደረገ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ሰይድ "በሉ፣ አሁን እንደገና እንቅረጽ" ቢል ጠመንጃውን የሚነካ ጠፋ። ዱአ የተደረገበትን እርቅ ማን ያፈርሳል፣ በእንጨት ጠመንጃም ቢሆን?

ካሜራው ይሠራ ስለነበር የተቀረጸው እርቁ ሆነ፤ ሰይድም በዚያው ጨረሰው። ፊልሙ ሐይቅ ላይ ሲታይ ሰው በሳቅ ፈረሰ። የአዲስ አበባ ፊልም ገዢዎችም "ሽፍታው የማይሞትበት የሽፍታ ፊልም ማን ያያል?" ብለው መለሱት። ሰይድ ፓስፖርቱን ለማሳደስ ይሯሯጥ ጀመር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሸሽተን፣ ተመልሰን፣ እርማችንን አውጥተን፣ መብራት የመጣ ዕለት ሰዉ ራሱ ቪዲዮ ቤቱ ተሰብስቦ "ያን ፊልም ክፈትልን" አለ። እርቁ ላይ ሲደርስ የሳቀ አልነበረም። ዱአው ላይ ቤቱ በሙሉ "አሚን" አለ። ለቴሌቪዥን!

ሰይድ ከዚያ ወዲህ ስለ መሄድ አያወራም፤ ሠርግ እየቀረጸ ይኖራል። ያን ዕለት ግን ከሰዉ መሀል ወደተቀመጡት ወደ ሼህ ይማም ዞሮ፣ "ሼህ፣ የኔን መሀል ገብታችሁ አበላሻችሁብኝ። ያንኛውን፣ የእውነቱንስ ምነው ባበላሻችሁት?" አላቸው።

ሼህ ይማም ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ መለሱ።

"ገብተን ነበር ልጄ። የዚያን ጊዜው ጠመንጃ እንጨት አልነበረም።"