የደጃዝማች ባየህ በቅሎ

እስቲ እኒያን ሰውዬ ተመልከቷቸው። ወረታ መገንጠያው ላይ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ በሚለይበት፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ከዘራቸውን እንደ ጦር ተክለው የቆሙትን። ሲኖትራኩ ጡሩምባውን ሲያንባርቅባቸው ዘወር አይሉም። መንገዱ የአያታቸው ነዋ!

ክቡርነታቸው ፊታውራሪ ገሰሰ ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ለማሾፍ ነበር፤ እሳቸው ግን አመስግነው ተቀበሉ። እንዲህ ያለ ሰው በየትኛውም ከተማችን አንድ አይጠፋም። መሬት ላራሹ ከተባለ ስንት ዘመን አለፈ፣ ጉልቱ ቀረ፣ ገባሩ ነጻ ወጣ፤ እሱ ብቻ እደጁ ቆሞ ገና ግብር ይጠብቃል። ጫማው ተቀዷል፣ ቤቱ ያፈሳል፣ ዘሩ ግን ቀዳዳ የለውም።

"የማን ልጅ ነህ?" የፊታውራሪ ሰላምታ ይህ ነው። እንደምን አደርክ የለ፣ ከብቱ ደኅና ነው ወይ የለ። መልሱን ሰምተው "ደም ይናገራል" ይላሉ። ምን እንደሚናገር ነግረውን አያውቁም።

ባለፈው ክረምት የባጃጅ ሾፌሩን አንዷለምን አስቆሙና፣ አንድ እግራቸውን ካስገቡ በኋላ ጠየቁት።

"የማን ልጅ ነህ?"

"የሙናዬ። ሸክላ የምትሠራዋ። ይወርዳሉ?"

ፊታውራሪ እግራቸውን አዩ። ሰማዩን አዩ። ዝናቡ ከጉና ተራራ በኩል እያጓራ ነው።

"ንዳ!" አሉት። "ዝናብ ዘር አያውቅም።"

"ጭቃም አያውቅም፣ አያ ገሰሰ" አለና ነዳው።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ፣ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ እያነበብኩ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አያቴ ገባር ነበር። ስለ ጌቶች ሲወራ አፌን ይዤ መስማት አልችልበትም። ፊታውራሪ ደግሞ በየእሑዱ፣ ሰንበቴ ቤት፣ ጠላው ሁለተኛ ሲዞር ይጀምራሉ።

"ንጉሡ ፎገራ ሜዳ ላይ ሲሰፍሩ አያቴ ደጃች ባየህ መቶ ሠንጋ ጣሉላቸው! በቅሏቸው ደግሞ ዳማ፣ የግራ ጆሮዋ ጫፉ ነጭ፣ ጀርባዋ ላይ ብርሌ ሙሉ ጠጅ ቢያስቀምጡ ጠብታ አይፈስ!"

"ሠንጋው የማን ነበር?" እላለሁ።

"የአገሩ።"

"አገሩ ማን ይባላል?"

"ታደለ፣ አንተ ሆድህ ክፉ ነው።"

"ሆዴማ ባዶ ነው፣ ፊታውራሪ። የአያቴን በሬ በልተውበት።"

ሰንበቴው ይስቃል፤ እሳቸው ግን አይበገሩም። ንጉሡ ኋላ ከደጃዝማቹ ተጣልተው አስረዋቸዋል። በዚህም ይኮራሉ! "ማንም ተራ ሰው በዚያ ሰንሰለት አይታሰርም ነበር!" ንጉሡ ጌታውን ያስራል፣ ጌታው ገበሬውን ያስራል፣ ገበሬው በሬውን ይጠምዳል፤ ፊታውራሪ ከዚህ ሁሉ የሚታያቸው የሰንሰለቱ ማማር ነው። ታዲያ የደጃዝማቹ መልክ እንዴት ያለ ነበር ብላችሁ ብትጠይቋቸው "ግርማ ሞገስ!" ብለው ያልፉና ወደ በቅሎዋ ጆሮ ይመለሳሉ።

ከሦስት ዓመት በፊት የኔነህ የሚባል መምህር ከጎጃም ተዛውሮ መጣ። ገና ሰንበቴው ላይ ከመቀመጡ "የማን ልጅ ነህ?" ተባለ። ልጁ ቅድመ አያቱን ሲጠራ ፊታውራሪ ከመደቡ ዘለው ተነሡ። በደጃዝማቹ ዘመን ንጉሡ ይህን አገር ከጎጃም ለማስታረቅ የደጃች ባየህን እኅት ለጎጃም ባላባት ድረዋት ነበር፤ የኔነህ ከሷ ወገን ነው። ፊታውራሪ በቄስ አለኸኝ ፊት፣ በጣታቸው እየቆጠሩ፣ "አምስተኛ ቤት ላይ እንገናኛለን! ሥጋዬ ነህ!" ብለው አቀፉት። ልጁን እስኪያልበው ድረስ ሳሙት።

ሥጋቸው የሆነው መምህር ደግሞ የልጅ ልጃቸውን ንጋትን ወደደ።

ንጋትን እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሩዝ መፈልፈያ ቤት ትሠራለች፤ በዚች ምድር ከዘራቸው በላይ የሚወዱት ነገር ካለ እሷ ናት። ዘንድሮ የኔነህ ሽማግሌ ላከ። ቄስ አለኸኝ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሰባት ቤት ካልሞላ ጋብቻ የለም። እርስዎ ደግሞ በገዛ አፍዎ አምስት ቆጥረዋል። እኔ ምን ላድርግ?"

የጎጃም ሽማግሌዎች በበኩላቸው ዘራቸውን አጥርተው ያውቃሉ፤ ያቺ የደጃዝማቹ እኅት ወላጃቸው ናት፣ አትፋቅም። እንግዲህ የዝምድናው ገመድ የሚበጠስ ከሆነ በፊታውራሪ በኩል ብቻ ነው። ወይ ደጃዝማቹ፣ ወይ ሠርጉ።

"እንግዲያ ደጃዝማቹን ላግባቸዋ!" ብላ ንጋት ጮኸችባቸው። የመፈልፈያው ሞተር እያገሳ እንኳ ድምጿ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ።

በማግሥቱ እሑድ ሰንበቴ ቤቱ ጢም አለ። እኔም ቀድሜ ገባሁ። ይህን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርኩት! ፊታውራሪ እንደ ልማዳቸው በላይኛው መደብ፣ ከቄሱ ቀጥለው ተቀምጠዋል። ጠላው ሳይዞር ተነሡ። ከመደቡ ወረዱና መሬት ላይ ቆሙ።

"አባ፣ ቆጠራው ተሳስቷል።"

"የት ላይ?"

"እኔ ላይ። ደጃች ባየህ አያቴ አይደሉም። የኔ አያት አስማረ ይባላል። በቅሏቸውን ይስብ ነበር።"

"በመስቀሉ?"

"በመስቀሉ" አሉና ጎንበስ ብለው ተሳለሙ።

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሌላውም ተከተለው። ፊታውራሪ ሳቁ እስኪያልቅ ከዘራቸውን ይዘው ጠበቁ።

"ንጉሡ ደጃዝማቹን ሲያስሩ ያ ሁሉ ጭፍራ በዚያው ቀን ጌታ ለወጠ። አስማረ ቀረ። ጌታዬ ሲፈቱ በእግራቸው አይገቡም ብሎ፣ ሣር እያጨደ፣ በጀርባው እየተሸከመ በቅሎዋን ቀለበ። ጌታው አልተፈቱም። እሷም አርጅታ በእጁ ሞተች።" ወደ ቄሱ ዞሩ። "አሁን ይንገሩኝ፣ አባ። በቅሎ ሳቢ ከጌታው ስንት ቤት ይርቃል?"

ቄስ አለኸኝ መስቀሉን ወደ ደረታቸው መለሱ።

"ቁጥር የለውም" አሉ።

"እንግዲያ ልጄን ዳሩልኝ።"

ይህን ብለው ወደ መደቡ አልተመለሱም። በር አጠገብ፣ ልጆችና ለማኞች ከሚቀመጡበት ተቀመጡ።

ጮቤ መርገጥ ነበረብኝ። ደጃዝማቹ ወድቀዋላ! ግን የቀረበልኝን ጠላ ሳልቀምስ አስቀመጥኩት። ለካ ያን ሠንጋ የኔ አያት አርብቶ አልበላውም፤ የሳቸውም አያት በቅሎ ይዞ ውጭ ቆሞ ሽታውን ነው የጠገበ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ስለዚያች ጆሮ ያወሩት በዐይኑ ያያት ሰው የነገራቸውን ነው። ደግሞም ስንቱን የጌቶች ታሪክ አገላብጫለሁ። ለንጉሥ ሲል ልጁን የዳረ ጌታ ሞልቷል። ለልጁ ሲል ከመደብ የወረደ ግን አላነበብኩም።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተደገሰ፤ ንጋት ተዳረች። አሁን መገንጠያው ላይ ጎረምሳው ሁሉ "በቅሎ ሳቢው!" እያለ ይጮህባቸዋል። እሳቸውም ማንንም የማን ልጅ ነህ ማለት ትተዋል። እሑድ እሑድ ክንዳቸውን ይዤ ወደ መደቡ እጎትታቸዋለሁ፤ ተመልሰው በሩ ሥር ይቀመጣሉ። እንደገና እጎትታለሁ። ወይ እሳቸው ይወጣሉ፣ ወይ ሰንበቴው በሙሉ መሬት ወርዶ አብሯቸው ይቀመጣል፤ ከሁለቱ አንዱ ሳይሆን አልተዋትም። ፊታውራሪ ማለቱንም አልተውኩም። አሁን ግን እያሾፍኩ አይደለም።

እናንተም በወረታ ስታልፉ ከመኪናችሁ ውረዱ። እጅ ነሥታችሁ "የማን ልጅ ነዎት?" ብላችሁ ጠይቁልኝ። "የአስማረ" ሲሉ ኮፍያችሁን አውልቁ። ስለ በቅሎዋ ከጀመሩም፣ እባካችሁ፣ የግራ ጆሮዋን እስኪጨርሱ አትሂዱባቸው።