ማውዝ የሚጠየፈው ወንድማችን

እናንተዬ፣ ማውዝ መንካት የሚያዋርደው የሚመስለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ሴንት ፖል ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ወንድም ዳዊት የሚባል አለ። ድሮ የቤተ ክርስቲያኑን ዌብሳይት የምትይዘው እህት ፀሐይ ነበረች። ማስታወቂያዋን ትጽፋለች፣ አንዴ ክሊክ ታደርጋለች፣ አለቀ። ምን ጎደለን? ዳዊት ግን "ይሄ ኋላ ቀር ነው" አለና ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየተጻፈ ብቻ በሚሠራ ፕሮግራም ቀየረው። "ኦፕን ሶርስ ነው፤ ነፃ ነው፤ የሁላችንም ነው" አለን። የሁላችንም የተባለውን ነገር ከእሱ በቀር የሚነካው ጠፋ! ይባስ ብሎ "ለዌብሳይት ጉዳይ ስልክ አላነሳም፤ ፎርም ሞልታችሁ ላኩልኝ" ብሎ አወጀ። ወይ ጉድ!

ባለፈው ቅዳሜ በረዶው ሲብስ ፓስተሩ የእሁዱን የአምልኮ ፕሮግራም ሰረዙ። እህት ፀሐይም እንደተባለችው ፎርሙን ሞልታ ላከች። እሁድ ጠዋት ዌብሳይቱን ባየው "ፕሮግራም አለ" ይላል። እናቴን ይዤ ከምንኖርበት ከኢገን በዚያ በረዶ እየተንሸራተትኩ ድራይቭ አደረግሁ። በሩ ተቆልፏል! አምስት አዛውንቶች ደጅ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። እህት ፀሐይ "ፕሮግራም የለም" የሚል ወረቀት በሩ ላይ በፕላስተር ትለጥፋለች።

ወዲያው የዳዊት መኪና መጣ። ይቅርታ ሊጠይቅ መስሎኝ ነበር። ለካስ ሱፉን ለብሶ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ሊያመልክ ነው የመጣው! ወረቀቱን አነበበና በንዴት ወደ እኛ ዞረ።

"ምናለ ብትደውሉልኝ?"