ራሱ የጠፋ መብራት

[አርብ ገበያ ከተማ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን። የገበሬዎች ማኅበር ያሠራው አዲስ የድንች ዘር ማከማቻ ቤት ውስጥ ነን። ነገ ጠዋት ጣሪያው ሥር የሚነጠፍ፣ ባዘቶ የሚመስል የሙቀት መከላከያ በመኪና ይመጣል። ቤቱ ተሰናድቶ፣ የደኅንነት ቅጹም ተሞልቶ ካልጠበቀው መኪናው ጭነቱን እንደያዘ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ወገዳ ያልፋል። ዘበኛው እንየው ይህን ሲያስብ እንቅልፍ የለውም፤ አምና የገዛ ዘሩ ቆርቆሮ ሥር በሙቀት ሲበሰብስ አይቷል። ሥዩም ደግሞ የሦስት ቀን የደኅንነት ሥልጠና ወስዶ የተመለሰ የማኅበሩ አስተባባሪ ነው። የሦስት ቀን ትምህርት የሠላሳ ዓመት ኩራት ይሰጣል፤ እንየው «ኢንጅነር» ሲለው አንድም ቀን አላረመውም። ቢጫ ሄልሜት ደፍቶ፣ ቅጽ ይዞ፣ ከእንየው ጋር ተፋጧል።]

ሥዩም፦ ተቋርጧል ማለት ተቋርጧል ነው! ምኑ ነው ያልገባዎት?

እንየው፦ ማን ቆረጠው?

ሥዩም፦ ማንም! ራሱ ጠፋ። ከረቡዕ ጀምሮ ከተማው በሙሉ መብራት የለውም። ቅጹ «መስመሩ ተቋርጧል ወይ?» ይላል። ተቋርጧል። ራይት አደርጋለሁ፣ አበቃ።

እንየው፦ ራሱ የጠፋ ራሱ ይመጣላ።

ሥዩም፦ ጋሽ እንየው፣ መብራት እኮ ውሻ አይደለም፤ ሲያሻው የሚሄድ፣ ሲያሻው የሚመጣ።

እንየው፦ የኛው እንግዲህ እንደዚያ ነው።

ሥዩም፦ ሲመጣ ይነገረናል።

እንየው፦ ማን ይነግረናል?

ሥዩም፦ የሚመለከተው አካል።

እንየው፦ ሲጠፋስ ነግሮን ነበር?

ሥዩም፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] ከአጀንዳው አንውጣ።

እንየው፦ እኔ የማውቀው የገበሬ ነገር ነው፣ ኢንጅነር። በሬ ሲደክመው ይተኛል። ተኛልኝ ብዬ ሳላስረው ብሄድ፣ ስመለስ የማገኘው የሰው ገብስ ውስጥ ነው። የተኛና የታሰረ ለየቅል ነው።

ሥዩም፦ ሥልጠናው ላይ ስለ በሬ አልተነሣም።

እንየው፦ ለዚህም ነው እኔ ጠዋት ተነሥቼ...

ሥዩም፦ አያቋርጡኝ! ከአንድ እንጀምር፤ ሥርዓት ይኑረን። ቁጥር አንድ፤ አካባቢው ታጥሯል?

እንየው፦ በእሾህ አጥሬዋለሁ። የገበያ አህያ ገብታ ባዘቶውን ገለባ መስሏት እንዳትግጠው።

ሥዩም፦ እሾህ! ቅጹ የሚለው «የማስጠንቀቂያ ሪባን» ነው።

እንየው፦ አህያዋ ሪባን ታነባለች?

ሥዩም፦ ራይት። ቁጥር ሁለት፤ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ተሰቅሏል?

እንየው፦ የት አለና?

ሥዩም፦ ቦርሳዬ ውስጥ። ዝናብ እንዳያበላሸው ብዬ ነው። ራይት። ቁጥር ሦስት፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ። ባዘቶው ብናኝ አለው፣ ሳንባ ይገባል።

እንየው፦ ሠራተኞቹ ስምንት ናቸው አሉ። መሸፈኛው ስንት መጣ?

ሥዩም፦ አንድ። ፎቶ የሚነሣው ሰው ያደርገዋል። ራይት! ቁጥር አራት፤ እሳት ማጥፊያ አለ?

እንየው፦ አለ። ግን ባዶ ነው፤ ሳነሣው እንደ ቅል ቀለለኝ።

ሥዩም፦ ቅጹ «አለ ወይ» አለ እንጂ «ሞልቷል ወይ» አላለም። ቁጥር አምስት፤ ቤቱ ጸድቷል?

እንየው፦ [ፊቱ በራ። ስለ ጽዳቱ የጠየቀው ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው።] እንደ አውድማ ነዋ ያሰናዳሁት! አውድማ ሳይሰናዳ መቼ እህል ይወቃል? የወዳደቀውን ሚስማር ስለቅም ይኸው ቁናው ሞላ፤ የሰው እግር እንዳይበሳ። የአይጡን ጉድጓድ በጭቃ ደፈንኩ። ደግሞ እኩለ ቀን ላይ በሩን ዘግቼ ጨለማው ውስጥ ቆምኩና፣ ብርሃን በየት በየት እንደሚገባ አይቼ፣ የቆርቆሮውን ሽንቁር በሬንጅ መረግኩት። ባዘቶው ከራሰ ምን ይረባል?

ሥዩም፦ ሽንቁር የሚባል ነገር ቅጹ ላይ የለም።

እንየው፦ ዝናቡም ቅጹን አላየውም።

ሥዩም፦ እንግዲህ የቀረን ቁጥር ስድስት ነው። መስመሩ...

[እንየው ቀና ብሎ አየ። ከጣሪያው ወጋግራ ላይ አንድ ሽቦ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ልባሱ ተገፎ መዳቡ ይታያል። የእንየው ቀልድ ባንዴ ጠፋ።]

እንየው፦ እዚህ ላይ አልቀልድም፣ ኢንጅነር። ነገ ስምንት የሰው ልጅ እዚያ ላይ በሆዱ እየተሳበ ባዘቶ ያነጥፋል። ዘሬን እወዳለሁ፤ አምና እንደ ሰው ነው ያለቀስኩለት። ግን መኪናው ወገዳ ይሂድ እንጂ፣ ሰው በሞተበት ቤት ዘር አላኖርም። ስለዚህ እኔ ጠዋት...

ሥዩም፦ አይ ፍርሃት! አይ አለመማር! በተግባር ላሳይዎት።

[መሰላሉን ጎትቶ ሦስት እርከን ወጣ። እንየው ሮጦ የመሰላሉን እግር ያዘ።]

እንየው፦ ኧረ ይውረዱ! ተው እባክዎ! ሳልነግርዎት...

ሥዩም፦ [ሽቦውን ጨብጦ] ይኸው! ጨበጥኩት! ምን ሆንኩ? ይመልከቱኝ፣ እስመዋለሁም! ዕውቀት ማለት ይኸ ነው!

[ልክ በዚህ ጊዜ ጎን ያለው ወፍጮ ጓ ብሎ ተነሣ። ከረቡዕ ጀምሮ አህያውን ይዞ የተሰለፈው ገበያተኛ ባንድ አፍ «መጣ! መጣ!» እያለ ጮኸ። ሙዚቃ ቤቱም ካቆመበት ቀጠለ። ሥዩም መሰላሉ ላይ ድርቅ አለ፤ ቀጥሎም ከእግሩ እስከ ከንፈሩ ይንዘፈዘፍ ጀመር።]

ሥዩም፦ ይዞኛል! ጋሽ እንየው፣ ይዞኛል!

እንየው፦ ምን ያዘዎት?

ሥዩም፦ መብራቱ! ሞቻለሁ!

እንየው፦ የሞተ ሰውስ እንዲህ አይጮኽም። ይልቀቁትና ይውረዱ።

ሥዩም፦ ማን ይለቃል? የያዘኝ እሱ ነው! በእጅዎ እንዳይነኩኝ፣ አብረን እናልቃለን! ሥልጠናው ላይ... በደረቅ እንጨት ነው! በደረቅ እንጨት መትቶ ማላቀቅ!

እንየው፦ ያለኝ ይኸው ዱላዬ ነው።

ሥዩም፦ ደረቅ ነው?

እንየው፦ ወይራ ነው። አባቴ የተወልኝ፤ አርባ ዓመት ደርቋል።

ሥዩም፦ ይምቱኝ!

እንየው፦ ኧረ በሕግ አምላክ! የተማረ ሰው እንዴት ብዬ እመታለሁ? ደግሞ እኮ መብራቱ...

ሥዩም፦ አይከራከሩኝ! ትእዛዝ ነው!

እንየው፦ [ዱላውን በሁለት እጁ አንሥቶ] እንግዲህ ይቅር ይበሉኝ። [መቀመጫው ላይ አሳረፈበት።]

ሥዩም፦ ዋይ! ይድገሙ፣ አልለቀቀኝም!

[እንየው ታዛዥ ነው፤ ደገመ። ሠለሰም። በሦስተኛው ሥዩም ሽቦውን ለቆ ገለባ የተሞላ ጆንያ ላይ ዘጭ አለ።]

ሥዩም፦ [እያቃሰተ] ተመስገን! ዳንኩ! አዩ? ሥልጠናው ባይኖር ኖሮ ዛሬ ድንኳን ነበር የሚተከልልኝ።

እንየው፦ መብራቱ መች መጣና ይገድልዎታል?

ሥዩም፦ ምን ማለትዎ ነው? ወፍጮው ሲያጓራ አይሰሙም?

እንየው፦ ወፍጮው ጋ መጥቷል። የዚህን ቤት ግን ጠዋት ቆጣሪው ሥር ያለውን እጀታ ዝቅ አድርጌ አጥፍቼዋለሁ። ሰው መልሶ እንዳያነሣውም ሳጥኑን ቆልፌ፣ ይኸው ቁልፉ፣ ከማተቤ ጋር አስሬዋለሁ። ልነግርዎ ስጀምር ያቋርጡኛል፣ ስጀምር ያቋርጡኛል።

ሥዩም፦ [መቀመጫውን እያሻሸ] ሽቦው ላይ... ምንም አልነበረም?

እንየው፦ አቧራ ነበረው።

ሥዩም፦ ምንም እንዳልያዘኝ እያወቁ ነው እንዲህ የወገሩኝ?

እንየው፦ ኢንጅነር፣ «ይዞኛል» ያሉት እርስዎ፣ «ይምቱኝ» ያሉት እርስዎ፣ የሠለጠኑትም እርስዎ። እኔ ማነኝና ከተማረ ሰው ጋር እከራከራለሁ?