ሰላም ሳይል የማያልፍ ድረ ገጽ

መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ካላለ የማያልፍ ሰው ታውቃላችሁ? ሶዶ ውስጥ ሞልቷል፤ እኔም አንዱ ነኝ። ችግሩ አለቃዬ አቶ ዳና ይህንን ጨዋነት ለትምህርት ጽሕፈት ቤታችን ድረ ገጽ ጭምር ማስተማራቸው ነው።

እኛ ዘንድ አዲስ ኃላፊ በተሾመ ቁጥር ድረ ገጹን በአዲስ አድራሻ ያስከፍታል። አሮጌው አድራሻ ግን አይነሳም፤ የከፈተውን ሰው ሁሉንም በየተራ ሰላም እያስባለ ወደሚቀጥለው ይመራዋል። ስድስት ኃላፊ፣ ስድስት አድራሻ! የኢንተርኔት መፈለጊያው እንኳ መሃል መንገድ ላይ ሰልችቶት ስማችንን ማንሳት ትቷል።

አንድ ቀን ከገሱባ አንዲት መምህርት መጡ። ድረ ገጻችን ላይ ወጣ የተባለው የመምህራን ዝውውር ማስታወቂያ ስልካቸው ላይ አልከፈት ስላላቸው፣ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ተንገላተው ነው የደረሱት። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነበር።

“አቶ ዳና፣ መሃል ያሉትን ሰርዘን ከመጀመሪያው በቀጥታ ወደ መጨረሻው እንምራው” አልኩ።

ደነገጡ። “የቀድሞ ኃላፊዎቻችንን ዘለን? ነገ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ በምን ዓይናችን እናያቸዋለን?”

መምህርቷን አየሁና መሃል ያሉትን አድራሻዎች ሰረዝኩ። ገጹ ወዲያው ተከፈተ። መምህርቷ መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው አነበቡ፦ “ስለ ዝውውር መረጃ የምትፈልጉ በአካል ቢሮ ቀርባችሁ ጠይቁ።”

የአቶ ዳና ፊት በራ። “አዩ፣ መምህር? እርስዎ እኮ ቀድመው ደርሰዋል!”