ኦቦ ተረፋ እና የጓሮአችን አሥራ ሁለት መኪኖች

የትም ከተማ ሂዱ፣ መኪና ሳይኖረው ስለ መኪና ማቆሚያ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አታጡም። የሁሉም አለቃ ግን ነቀምቴ ውስጥ፣ እኔው በምኖርበት ሕንፃ ላይ ይኖራል።

ክቡር ኦቦ ተረፋ ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ ናቸው። ሕንፃችን ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ነው፤ አሥራ ሁለት አባወራ እንኖርበታለን። ፕላኑ ሲጸድቅ ከጓሮ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ መኪና ማቆሚያ እንዲተው ታዘዘ፤ ተተወም። መኪና ግን አንዳችንም የለንም። በባጃጅ እንሄዳለን፣ ባጃጅ ሲጠፋ በእግራችን።

ኦቦ ተረፋ ግን መኪኖቹን ያዩዋቸዋል። ጠዋት ጉሙ ከጓሮው ሳይነሳ ሜትራቸውን ይዘው ይወርዱና ሁለት ሜትር ተኩል በአምስት እየለኩ መስመሩን በኖራ ያሰምራሉ። ዝናብ ያጥበዋል፤ በማግስቱ እንደገና ያሰምሩታል። ለየቤታችን ቁጥር ሰጥተውናል።

"አካም ቡልቴ፣ ባርሲሳ?" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቁኛል፤ አስተማሪ ነኝና። "ያንተ ሰባት ቁጥር ናት። ነጭ ትሆናለች መሰለኝ።"

ሰዉ "ላም አለኝ በሰማይ" እያለ ሲያላግጥባቸው፣ "ቦታ ካለ መኪና አይጠፋም" ብለው ያልፉታል።

ጎረቤታችን ወርቂቱ በቆሎ ልታሰጣ ብትወርድ፣ "ልጄ፣ የቦታው ባለቤት መኪናዬን ላውጣ ቢልስ?" ብለው አስነሥተዋታል። አንድ ቀን ደግሞ የባለቤቴ የባዩሽ ወንድም ከጉቴ እውነተኛ ፒካፕ እየነዳ መጣ። ኦቦ ተረፋ በሩ ላይ ቆመው፣ "ይቅርታ፣ ሙሉ ነው" አሉት። ባዶውን ጓሮ አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ከዚያ ወጥቶ አስፋልቱ ዳር አቆመ። እውነት ለመናገር፣ በመስኮት ስመለከት ለአንድ አፍታ እኔም ሙሉ መስሎ ታየኝ።

በዚህ ክረምት የሱቆቹ ባለቤት ኦቦ ጂሩ ጓሮው ላይ ስድስት ሱቅ ሊጨምሩ ተነሡ። ፕላኑን ለማስቀየር የስምንት ቤት ፊርማ ያስፈልጋል። ሰባቱ ፈርመዋል፤ ኦቦ ተረፋና ሌሎች ሦስት እምቢ ብለዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ባዩሽ ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሰፋውም መኝታ ቤታችን ውስጥ አልጋና ግድግዳ መሀል ተጣብቃ ነው። ኦቦ ጂሩ "አንዱ ሱቅ የሷ ነው" ብለው ቃል ሰጡኝ። ታዲያ ማን እምቢ ይላል?

የተሰበሰብነው እዚያው ጓሮው ውስጥ ነበር። ጸሎት ተደርጎ እንዳበቃ ኦቦ ጂሩ ወረቀቱን ዘርግተው ብዕር ሰጡኝ።

"ፈርም እንጂ፣ መምህር። ለመሆኑ አንድ ቀን መኪና ቆሞበት ያውቃል?"

ኦቦ ተረፋ አልተከራከሩም። ወደ እኔ እንኳ አላዩም፤ ካፊያው የኖራውን መስመር ሲያጥበው ይመለከታሉ። የሰባት ቁጥርም መስመር ሟሟ። ለካ እኔም ስንቱን ጠዋት ባዩሽን ከጎኔ አስቀምጬ፣ በሐሳቤ ሲሬ ከተማ ድረስ ነድቼ ተመልሼ፣ እዚያች ላይ አቁሜ ኖሯል። ያን ሁሉ ጊዜ የሳቅኩባቸውን ሽማግሌ እንደምወዳቸው ያኔ ገባኝ። ሳልፈርም ብዕሩን ለኦቦ ጂሩ መለስኩላቸው።

ቤት ገብቼ ለባዩሽ እየፈራሁ ነገርኳት። መቀሷን አስቀመጠች።

"ሱቄን ነው የሰጠኸው" አለችኝ።

ከዚያ መቀሷን መልሳ አነሣችና፣ "እንግዲያው የመኪናችን ቦታ ደረጃው አጠገብ ይሁንልን፤ ዝናብ ሳይመታኝ እንድገባ" አለች።

ደረጃው አጠገብ ያለው ቦታ የኦቦ ተረፋ የራሳቸው ነው። በማግስቱ ጠዋት እያፈርኩ ወርጄ ቦታውን እንዲለቁልን ጠየቅኳቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሜትራቸውን ቀስ ብለው ጠቀለሉና ደረጃውን አዩ፤ ቀጥሎም ሰማዩን።

"ለሷ ይሁን" አሉኝ። "እኔ አልቸኩልም።"