ላስቲኩ ያልተቀደደው ጥራዝ

[አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ፣ አንድ መደርደሪያ። ታላቅ ወንድም ፀጉር አስተካካይ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ደንበኛ የትም ስለማያመልጠው ሁሉን አዋቂ ሆኖ ቀርቷል፤ «ሊቁ» ይሉታል። ታናሹ ላውንደሪ ቤት ልብስ ይተኩሳል፤ ስሙም «ካውያ» ሆኗል። ቀስ ብሎ ስለሚናገር ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ የሚያስብ ይመስለዋል። ሊቁ የወንድሙን ስስ የኮሚክ መጽሔቶች በካርቶን አጭቆ ወደ በሩ ይገፋል፤ ካውያ መልሶ ይጎትታል።]

ሊቁ፦ ልቀቀው አልኩህ! የወደድኳት ፋርማሲስት ልትመጣ ነው፤ ይህን ቅራቅንቦ አይታ ትመለስብኝ?

ካውያ፦ ቅራቅንቦ አይደለም ጋሼ። አውሎ ነው፤ ከቁጥር አንድ እስከ መጨረሻው። ቀን ከሌሊት እየበረረ ሰው የሚያድነው...

ሊቁ፦ አውሎማ እዚያ አለልህ! [መደርደሪያው ላይ በላስቲክ የታሸገ፣ ጡብ የሚያክል መጽሐፍ ያሳያል] ሙሉው በአንድ ጥራዝ! ደረቅ ሽፋን፣ በወርቅ ቀለም የተጻፈ!

ካውያ፦ እኔ እንኳ ተኝቼ ነው የማነበው። ያንን ደረት ላይ ቢያስቀምጡት ከክፉው ሰውዬ በፊት አንባቢው ነው የሚሞተው።

ሊቁ፦ አይ አንተ! ና ላስተምርህ። ስሱ መጽሔት ለልጅ ነው። ለስላሳ ሽፋን ያለው ጥራዝ ለተማሪ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ይታጠፋል። ደረቅ ሽፋኑ ግን ለሰው ነው!

ካውያ፦ ተማሪ ሰው አይደለም?

ሊቁ፦ ነገር አታጣም።

ካውያ፦ እና ይሄን ያህል ጊዜ ለምን አላነበብከውም?

ሊቁ፦ «ከአያያዝ ይቀደዳል» ሲባል አልሰማህም? ላስቲኩ ከተቀደደ አለቀለት! የመጽሐፍ ክብሩ ሳይነበብ ነው።

ካውያ፦ ሳይነበብ።

ሊቁ፦ ሳይነበብ! ያዛት፣ ትጠቅምሃለች።

ካውያ፦ ለደንበኞችህ ግን መጨረሻውን ስትተርክ ሰምቼሃለሁ። እኔን ራሴን ስታስተካክለኝ አውሎ ሞተ ብለህ አልቅሰሃል። ጆሮዬን ልትቆርጠኝ ነበር።

ሊቁ፦ ጀርባው ላይ «አውሎ ይተርፍ ይሆን?» ይላል። የበሰለ ሰው ከጥያቄው መልሱን ያውቃል።

ካውያ፦ ይተርፋል እኮ ጋሼ።

ሊቁ፦ ያ የስሱ መጽሔት አውሎ ነው። የደረቅ ሽፋኑ ይሞታል!

ካውያ፦ [ጥራዙን ሰረቅ አድርጎ አይቶ] እሺ፣ ይሙት። ብቻ ዛሬ ላስቲኩን እንዳትቀደው።

ሊቁ፦ ፊቷ ነው የምቀደው! «ለማንም ያልከፈትኩትን ላንቺ» ብያት፣ እዚያው ላይ አግቢኝ እላታለሁ።

ካውያ፦ አበባ ብትሰጣትስ?

ሊቁ፦ ቅናት! የእናቴ ልጅ ቀናብኝ!

[ካውያ ወንድሙን ይወደዋል፤ ካርቶኑንም ይወደዋል። ሁለቱም በአንድ ቀን ሲዋረዱ ማየት ከበደው። በሩ ይንኳኳል። ፋርማሲስቷ ስትገባ ካርቶኑ ያደናቅፋታል።]

ፋርማሲስቷ፦ ውይ፣ ረገጥኩት መሰለኝ።

ሊቁ፦ ርገጪው፣ ሊጣል ነው! ነይ ቁጭ በይ። አውሎን እወዳለሁ ብለሽኝ አልነበር?

ፋርማሲስቷ፦ በልጅነቴ የመጨረሻው ቁጥር አምልጦኝ ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ይትረፍ፣ ይሙት አላውቅም።

ሊቁ፦ ከእንግዲህ አይቆጭሽም! [ጥራዙን በሁለት እጁ አውርዶ ላስቲኩን ጧ አድርጎ ይቀደዋል] ለማንም ያልከፈትኩትን ላንቺ! በይ ምዕራፍ ሦስትን አንብቢ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስለቅሰኝ እሱ ነው።

ፋርማሲስቷ፦ ያልከፈትከው ሁልጊዜ ያስለቅስሃል? [ትከፍታለች] «ምዕራፍ ሦስት። እንቁላል መጣል ያቆሙ ዶሮዎችን ስለ መለየት።»

ሊቁ፦ አዎ... ምሥጢር ያለው አነጋገር ነው።

ፋርማሲስቷ፦ «ዶሮዋን ገልብጠህ ሆዷን ዳብስ።»

ሊቁ፦ እሱን የሚለው ክፉው ሰውዬ ነው።

ፋርማሲስቷ፦ ሥዕሉም የዶሮ ነው።

ሊቁ፦ [ነጥቋት ያገላብጣል] ሽፋኑ አውሎ፣ ሆዱ ዶሮ! ጠራዡ ቀላቅሎብኛል! ጉድ ሆንኩ!

ካውያ፦ ምዕራፍ አምስት ላይ ስለ ክትባት ጥሩ አድርጎ ጽፏል።

ሊቁ፦ አንተ ከየት አወቅህ? ታሽጎ አልነበር?

ካውያ፦ በገዛኸው ሳምንት ላስቲኩን ከሥሩ ከፍቼ አነበብኩት። ስጨርስ በካውያ መልሼ አሸግኩት። ሙቀቱን ዝቅ ካላደረጉት ይጨማደዳል።

ሊቁ፦ ይሄን ሁሉ ጊዜ እያወቅህ! ለምን አልነገርከኝም?

ካውያ፦ «ክብሩ ሳይነበብ ነው» አልከኝ። አክብሬልህ ነው።

[ከወለሉ ላይ ሳቅ ይሰማል። ፋርማሲስቷ ካርቶኑ አጠገብ ተዘርፍጣ የመጨረሻውን ቁጥር ይዛለች።]

ፋርማሲስቷ፦ ተረፈ! አውሎ ተረፈ! የማን ናቸው እነዚህ?

ካውያ፦ የእኔ ናቸው። ሊጣሉ ነበር።

ፋርማሲስቷ፦ የሚጥላቸው ማን ጅል ነው?

ሊቁ፦ [በሹክሹክታ] ካርቶኑን መደርደሪያው ላይ መልስ።

ካውያ፦ [ፊቱ በርቶ] እሺ ጋሼ። ጥራዙስ?

ሊቁ፦ [ግራ ቀኙን አይቶ] ካውያውን ስካልኝ።