በዓለም ዙሪያ እስከ ገሳይ

እኛ የተማርን ሰዎች አንድ ዐመል አለን። ጎረቤት ሲነግረን ያላመንነውን ነገር ፈረንጅ ጽፎት ስናገኘው እርሳስ አውጥተን እናሰምርበታለን። እናንተ የለባችሁም? እሰይ! እኔ ግን አለብኝ፤ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ስሠራ ጠጉሬ የሸበተው ይህንኑ ዐመል ሳስታምም ነው።

ሥራዬ ዳታቤዝ ማሳየት ነው። የዓለምን ታሪክ የጻፈ ሁሉ ጽሑፉ ከነስሙ የተመዘገበበት፣ በኮምፒውተር የሚገለጥ ትልቅ መዝገብ በሉት። መብራት ካለ፣ ኔትወርክም ደስ ካለው፣ ከወንበራችሁ ሳትነሡ ዓለምን ያዞራችኋል።

ወዳጄ መምህር ጌጡ የሁለተኛ ዲግሪውን ጽሑፍ የሚሠራው ስለ ድንች የዓለም ጉዞ ነበር። ድንቹን ከደቡብ አሜሪካ አስነሥቶ፣ ባሕር አሻግሮ፣ አውሮፓን አጥግቦ መጣ መጣና እዚሁ ጉና ተራራ ግርጌ ሲደርስ ቀጥ አለ። ወደዚህ ማን አመጣው? ምንጭ የለም። አማካሪው ደግሞ ምንጭ ባዩ ቁጥር "ዳታቤዝ ላይ አለ?" ከማለት በቀር ሌላ ጥያቄ የማያውቁ ሰው ናቸው። "የጉናን ምዕራፍ እስከ ዓርብ በምንጭ ካልደገፍህ አልፈርምም" አሉት። ካልፈረሙ ዓመቱ በከንቱ ቀረ ማለት ነው። አይ ጌጡ! እህል አልወርድ አለው።

ሦስት ቀን በርዕስ በርዕሱ አብረን ፈለግን። ድንች አልን፣ ጉና አልን፣ ደጋ አልን። ወፍ የለም። በአራተኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ "እስቲ እኔ ራሴ እንኳ ካለሁ ፈልገኝ" አለኝ፤ ድሮ አንድ መጽሔት ላይ ያወጣት ጽሑፍ ነበረችው። መቼም ፈረንጅ ሰውን የሚፈልገው በአባቱ ስም ነው። "ሽባባው" ብዬ ጻፍሁ።

የጌጡ ጽሑፍ አልወጣም። የወጣው አንድ ፈረንጅ ስለ እርሻ የጻፈው ጥናት ነበር። በርዕስ ስንፈልግ ያመለጠን የግርጌ ማስታወሻው፣ ድንች ጉና እንዴት እንደ ገባ ያጫወቱት የገሳዩ ገበሬ አቶ ሽባባው መሆናቸውን ይናገራል።

ጌጡ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሣ። "አባቴ! አባቴ እኮ ናቸው!"

በነጋታው ጉና ግርጌ ወዳለችው የትውልድ ቀዬው፣ ወደ ገሳይ ሄድን። አባ ሽባባው ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልን።

"ፈረንጅ አነጋግረው ነበር እንዴ፣ አባ?" አልኋቸው።

"አዎና! ሁለት ቀን እዚሁ አድሮ ጻፈ። ድንቹን በበቅሎ ጭኖ ያመጣው አባቴ ነው። ያኔ ሰው 'የሰይጣን ሥር' እያለ ይሸሸው ነበር አልሁት።"

"ታዲያ ለእኔ ምነው ሳይነግሩኝ ቀሩ?" አለ ጌጡ።

ሽማግሌው ድንቹን እየላጡ መለሱለት። "እሱ ጠየቀኝ፣ ልጄ። አንተ በላኸው።"

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ ድንች ሲሆንማ ማን ይቆጥረዋል! ጌጡ ደብተሩን አወጣ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠየቃቸው። እኔ ድንቹን ጨረስሁት።

ዓርብ ዕለት አማካሪው ጽሑፉን ገለጥ ገለጥ አደረጉና "ቃለ መጠይቅ፣ አቶ ሽባባው፣ ገሳይ" የሚለው ላይ እርሳሳቸውን አሳረፉ።

"እኒህ ሰውዬ ዳታቤዝ ላይ አሉ?"

"አሉ!" አለ ጌጡ፣ ደረቱን ነፍቶ። "ገሳይም አሉ።"